ቀጠሮ ለማክሰኞ

ቂርያት ጋት፣ ማክሰኞ ማታ፤ ሊፍቱ ከቆመ ሰንብቷል፤
ኤልዳድ አራት ፎቅ ሮጦ ደረሰ፣ ደረቱ ከበሮ ይመታል።
"ሳባ፣ ዛሬ የአውሬዎቹ፣ አስራ ዘጠነኛው ክፍል፤
አንተ ዳኛ ነበርህ አሉ፤ ከአስር ስንት ነው? በል!"

ነበርሁ እንጂ፤ ወገራ ላይ፣ ሾላ ጥላ፣ ድንጋይ ወንበር፤
ድንበር የገፋ፣ በሬ የነዳ፣ ፊቴ ቆሞ ሲከራከር።
እዚህ ግን ሰላሳ ዓመት የፈረድሁት ነገር የለም፤
የካርቶን ፋብሪካ ጠበቅሁ፤ ካርቶን ከካርቶን አይካሰስም።

ተቀመጥን። እሱ ሱፍ ይፈለፍላል፣ እኔ መነጽሬን ጠረግሁ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ማብቂያው
ቡጢ ነው፣ እሳት ነው፣ ጥርስ ነው፣ ጅራት ነው የሚያፏጨው።
ሰማያዊው አውሬ ቀዩን ከተራራ ጋር አላተመው፤
ቀዩ ዞሮ በክንፉ ስለት ትከሻው ላይ ጠረበው።
ማን በማን ላይ እንደ ተነሳ፣ ጥንቱ ምን እንደ ነበረ
የሚናገር አንድ አፍ የለም፤ ሁሉም አገሳ፣ ሁሉም ሰበረ።
እኛ ዘንድ ጥርስ ቢወልቅ እንኳ ሸንጎው ስለ ካሳው ሲሟገት ያድር፤
እዚህ ተራራ ተሰነጠቀ፤ "ዋስ ጥራ" የሚል ማን ነበር?

"ከሳሹ ማን ነው?" አልሁት።
"ሽሽ! ሳባ፣ ያመልጥሃል።"
ያመለጠኝ እሱ ነው እኮ፤ ነገሩ የት ይገኛል?

ግን ዋሾ ዳኛ አልሆንም፤ አንድ ቦታ ላይ ደነገጥሁ፤
ቀዩ ሊመታ ክንዱን ሰቅሎ፣ ዝናብ ሲጀምር አየሁ።
ሙዚቃው ቆመ። ቡጢው ቆመ። ጠብታው ከጥፍሩ ወርዶ
እስኪነጥብ፣ ሶስት ትንፋሽ ያህል፣ ሁሉም ነገር ተገዶ
ዝም አለ።
የሳለው ሰው እጁ ይባረክ።
ቁጣ ሲያስብ አይቶ ያውቃል።

ከዚያ ዷ! አውሬው ተወርውሮ ከአንድ ህንፃ ላይ ወደቀ።
ህንፃው የኛኑ ይመስላል፣ ስድስት ፎቅ፣ ቀለሙ የለቀቀ፤
በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ የፀሐይ ማሞቂያው ከላይ፤
አንዴ ተንገዳገደና አቧራ ሆነ ሲታይ።
"እነዚያ ሰዎችስ?" "የትኞቹ?" "ልብሱን ያሰጡት፣ ልጄ!"
"ወጥተዋል፣ ሳባ።" "በስንተኛው ደቂቃ? ቆጥሬያለሁ በእጄ።"

ተነሳ። ጃኬቱን እንደ ኩታ በትከሻው ላይ ጣለው፤
አንድ ቀን ለቀልድ ያሳየሁት፣ ለካ አልረሳ፣ ትዝ አለው።
"በላ ልበልሃ!" አለ፣ አማርኛው እያነከሰ፣
ዕብራይስጡን ተመርኩዞ፣ ጣቱን ሰቅሎ፣ እየገሰገሰ።
"ይህ የውጊያ ክፍል ነው! ሶስት ክፍል ሙሉ አውርተዋል!
አሁንም ቢያወሩ ማን ያያል? ሥዕሉስ? እሳቱ ውሃው ውስጥ ይታያል!
አስር ካልሆነ ዘጠኝ ተኩል!"

"ተጠየቅ! ሥዕሉን አምኛለሁ። ለእጁ አምስት፣ ለዝናቡ አንድ።"
"ለህንፃውስ?"
"ለህንፃው ባዶ።"
"ስድስት?!" አለ፣ በገዛ ልጁ እንደ ተከዳ ሽማግሌ።

"ደግሞ መጨረሻው 'ይቀጥላል' ይላል፤ ግማሽ ነገር አይፈረድም፤
ስድስቱም ለጊዜው ነው። ቀጠሮ ለማክሰኞ!"
"ፍርድ ሸሸህ!" አለ። አልዋሸም።

እናቱ ከሆስፒታል ፈረቃ ገና ናት። እንቅልፍ ጣለው።
ሪሞቱን ከጣቶቹ መሃል ቀስ ብዬ አወጣሁ፤
ወደ አስራ አራተኛዋ ደቂቃ መለስሁና አቆምሁ።

ህንፃው ገና አልወደቀም።
ልብሱ ገና አልደረቀም።
ሶስተኛው ፎቅ ላይ፣ በደረጃው መስኮት፣ የሱፍ ፍሬ የምታህል ጥላ።
ሰው ትሆን? እድፍ ትሆን?
በእጅጌዬ ጠረግሁት። አልለቀቀም።

ወደ ታች ነው የምትሮጠው። አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፤
ሌላው የታቀፈው ምን እንደ ሆነ ዓይኔ አልለይ አለ።

ምስክር ተገኘ፣ ኤልዳድ። ልቀስቅስህ? ይደር?
ሊፍቱ እዚያም ተበላሽቷል።