ባንድ ዓይን

ከሮቢት ስነሳ፣ ዝውውር ሲደርሰኝ፣
ቬንትሌተር ያዝሁኝ፤ ጋቢዬ ቀረብኝ።
መሐል ሜዳ ወረድሁ፣ የሰኔ ጭጋግ ነው፣
ባለ ሦስት ክንፉን እንደ ሕፃን አቅፌው።
ዕቃ አውራጁ ሳቀ፦ «እህት ዓለም፣ ነፋሱን
በነፃ እንሰጣለን፤ ምን አስገዛሽ እሱን?»

ጓዳው ጓሳ ክዳን፣ ሳሎኑ ቆርቆሮ፣
ግድግዳው የቆመ ጋዜጣ ደርድሮ።
ሌሊት ብርድ ሲያነቃኝ፣ ተኝቼ በጎኔ፣
የዛሬ ዐሥር ዓመቱን ግብ አየሁ ባይኔ።

እንጀራዬ ቆጣሪ ማንበብ ነው፤ ማንኳኳት።
በሩ ገርበብ ይላል፣
ከስንጥቁ አንድ ዓይን ብቅ ይላል፣
«ማነሽ?» ይለኛል።
«ከመብራት ኃይል።»
«የቀድሞው ልጅስ?»
«ተዛወረ።»
«ውይ! እሱ ጥሩ ሰው ነበረ።»
እኔስ?
እኔማ ገና ምንም አልነበርሁ።

በቀን ሠላሳ ደጅ፣ በቀን ሠላሳ ዓይን፤
የቀረውን ፊት ሳንቃ ጋርዶብን።
ከሁሉ የባሰች እትዬ ፈለቀች፣
ውሻዋን ሳታስር «ግቢ» የምትል ነች፤
ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳነብ አዝዛ፣
ሳነበው ደግሞ እኔን ትቆጣለች፣ «በዛ!»

አከራዬ ጋሽ ሀብተየስ ሥዕል ይሥላሉ፣
ለገጠር አጥቢያዎች ሸራ ያሰናዳሉ።
ቅዳሜ ከሰዓት ኪራይ ልከፍል ገብቼ፣
ሸራው ፊት ተገተርሁ፣ ብሩን በእጄ ረስቼ።
ደጋጎቹ ሁሉ ወደኔ ዞረዋል፣
ሁለት ሁለት ዓይናቸው አፍጥጦ ያየኛል።
ጅራፍ የያዘው ግን፣ ወታደሩ፣ በጎን፤
አንድ ዓይን ብቻ አለው፣ የቁልፍ ቀዳዳ መሳይ።

«ጋሽ ሀብተየስ፣ የዚህ ዓይን ለምን አንድ ሆነ?»
«ክፉ ነዋ። ድሮውኑ እንዲህ ተወጠነ።»
«እንግዲያው እዚህ አገር የማየው ሁሉ ክፉ ነው፤
እስከ ዛሬ ሁለት ዓይን ያሳየኝ ማን ነው?»

ብሩሹን ጣሳ ውስጥ ነከሩት። ዝም አሉ።
ቀዩ ቀለም ውኃው ላይ እስኪበተን ጠበቁ።
«እኔ ስደርስበት» አሉ፣ «ዞሮ ነበር፣ እንዲህ።
ሌላው ዓይኑ የለም አላልሁም፤
አለ፤ ከሸራው ወዲያ፣ እኔ በማላይበት።
መዞር የሱ ፈንታ ነው፣
የኔ ብሩሽ የሰው አንገት አያዞርም።
አንቺስ፣ ልጄ፣ ስታንኳኪ
ምን ያህል ትቆሚያለሽ?»
«ቁጥሩን እስካነብ።»
«እህ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም፤
ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት።

በዚያው ሳምንት፣ ማታ፣ መብራት በጠፋበት፣
በሬ ተንኳኳ። እኔ? ዘንድሮ የመጣሁት?
ቀስ ብዬ ገርበብ፤ ባንድ ዓይኔ አጮለቅሁ፤
ያን ማታ በየትኛው ወገን ተሥያለሁ?
እትዬ ፈለቀች ናት፣ የበግ ጠጉር ባና
ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ዝናብ ጠጥታና።
«ነፋስ ይዛ መጣች ሲሉ ሰማሁ፤ እንኪ፣ ያዢ፤
ውሰት ነው ደግሞ! ስትዛወሪ መልሺ።»
በኩራዜ ብርሃን ሙሉ ፊቷን አየሁ፤
ያ የምትደብቀው ግራ ዓይኗ
ነፋስ ሲነካው ዝም ብሎ ያነባል።
ለካ በሩን ገርበብ የምታደርገው ለሱ ነው።
«ግቢ» ማለት ነበረብኝ፤ «ይግቡ» አልኋት፤
እሷም በዚህ ሳቀች፦ «ለማን ነው አንቱታ?»

ነሐሴ ገባ። ጭጋጉ በመስኮት ይገባል፤
የጋሽ ሀብተየስ ቀለም አልደርቅ ብሏል፤
ሸራውን ሊወስዱ የጳጉሜን ሦስት ቀጠሮ አለ።
ከአልጋዬ ሥር ያን ሕፃን ጎትቼ አወጣሁ፣
የሮቢት አቧራ እንዳለበት ሰካሁ።
ማራገቢያዬ አንገቱን ያዞራል፤
ደጋጎቹን ዞሮ፣ ደጋጎቹን ዞሮ፣
ወታደሩ ዘንድ ሲደርስ ሸራው ይንቀሳቀሳል፤
በመጣ ቁጥር ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ።

ጋሽ ሀብተየስ በርጩማቸው ላይ ሆነው
ከሥዕሉ ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ያያሉ፦
«ይኼ ሁሉ ሲዞር ስንት ሊያስከፍለኝ ነው?»
«ቆይቼ አነብልዎታለሁ» አልሁ፤ በርጩማ ሳብሁ።