ሁለተኛው ጡብ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሩ ለገዢ ሁሉ ሲከፈት፣
ጫማችንን ጠርገን ገባን ከሰው ቤት።
ደላላው ጃሮድ ነው፤ ፈገግታው እንደ ግድግዳው አዲስ ቅብ፤
ባቡሩን ቆጠረ፣ ትምህርት ቤቱን ቆጠረ፣ ሁሉም ቅርብ።
«የድሮው ማሪክቪል ቀረ» አለን፣
«ፋብሪካው ካፌ ሆነ፣ መጋዘኑ የሥዕል ቤት፤
ዛሬ ያልገዛ ሰው ይቆጨዋል የዛሬ ዓመት።»

እኔ ሰንጠረዥ አለኝ፣ ስልኬ ውስጥ፣ በረድፍ በረድፍ፤
አንዱ ረድፍ ለትርፍ፣
አንዱ ለሚወለደው ልጅ፣ ለጋሪው፣ ለእንቅልፍ።
ብሮንዊን አትመዘግብም።
ቧንቧ ከፍታ ታዳምጣለች፣
ከቁም ሳጥን ጀርባ ታሸታለች፣
«ይህ ቀለም ምን ሊደብቅ ነው?» ትላለች።

ማክሰኞ ማታ ተመለስን፣ ያለ ደላላ፤
ሰፈር የሚታወቀው ሲመሽ ነው፣ ቀኑ ከሄደ በኋላ።
መኪና የት ይቆማል? ማን ይጮኻል? ማን ይሰክራል?
የመንገዱ መብራት ስንቱ ይበራል?
ጥግ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ቱዋን መዝጊያውን እያወረደ፣
ኪራይ እንደተጨመረበት ነገረን፤ ሳቀና በጨለማው ነጎደ።
እኔም ጻፍኩ፦ ኪራይ ይጨምራል፣ መልካም ምልክት።
ወዲያው አፈርኩበት።

በሌላ ቀን ከጎን ቤት፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር አንዲት አሮጊት ብቅ አለች፤
ስታቭሩላ ትባላለች።
ከግሪክ በመርከብ መጥታ፣ ካልሲ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራ፣
ባሏን እዚሁ ቀብራ።
«አካባቢው እንዴት ነው?» አልናት፤
አፏን ስትከፍት አውሮፕላን መጣባት፣
ሆዱ እስኪታይ ዝቅ ብሎ፣
የሎሚውን ቅጠል አርገብግቦ፣ መስኮቱን አንቀጥቅጦ።
እሷ ጣቷን አንሥታ ጠበቀች፤
ልክ እንዳለፈ፣ ካቆመችበት ቀጠለች፦
«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ከባሌ ጋር ስንጣላ፣
ክፉው ቃል ምላሴ ላይ ሲደርስ፣ ይህ ይመጣል ከኋላ።
ሲያልፍ፣ ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል፤
እሱም ‹እራት ደረሰ ወይ?› ይለኛል።
ትዳሬን ያቆየው ቄስ እንዳይመስላችሁ።»

ሰንጠረዤን ከፈትኩ። «ድምፅ» ከሚለው ጎን ቀንሼ ነበር፤
አሁን ምን ልጨምር?

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በከዘራዋ ጫፍ
አሳየችን የግድግዳውን ግርጌ፣ ከአጥሩ ጽንፍ፦
«ወንዙ ሲሞላ፣ ቦዩ ሲደፈን፣ ውሃው እዚህ ይደርሳል፤
ሁለተኛው ጡብ ላይ ይመለሳል።
ሦስተኛውን ነክቶት አያውቅም፣ እኔ እስከማውቀው።
ቀለሙ የሦስት ሳምንት ነው።
አልነገርኳችሁም።»

ጨረታው መንገድ ላይ ነበር፣ በጠራራ ፀሐይ፤
ተጫራቹ አምስት፣ የቀረው ጎረቤት፣ ጉዱን ሊያይ።
«እስከዚህ» ብላኝ ነበር ብሮንዊን፣ ቁጥሩን በጆሮዬ፤
ቁጥሩ ደረሰ፤ አለፈ። በአንድ እርምጃ ብቻ።
እጄ ግን፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ተነሣ ከጎኔ።

ያን ጊዜ አውሮፕላኑ።

አጫራቹ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤
ጸጥ ሲል፣ ከፊቴ የነበረ ሰው በስልክ እያወራ
ራሱን ነቀነቀ፤ መዶሻው ወረደ፤
ቤቱን ረግጦት ለማያውቅ ሰው ቤቱ ሄደ።
ብሮንዊን የተሰቀለ እጄን አየች።
ምንም አላለች።

በሰኔ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ።
ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ መኪናዬን አስነሥቼ፣
ያልገዛሁት ቤት በጎርፍ ተበልቶ እንደሆን ለማየት፣
ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ፣ ጃንጥላ ረስቼ።
ቤቱ ጨለማ ነው፤ «የሚከራይ» ይላል ሰሌዳው፤
አንደኛውን ጡብ ውጦታል ውሃው፤
ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ እዚያው ቆሞ ያስባል፣
እንደ ተጫራች።

ከጎን ቤት መጋረጃ ተገለጠ፤
የአሮጊት እጅ፣ በሁለት ጣት፣
መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።