የአውራ ጣት ሠራዊት

ክላይቭ፣ ወንድሜ፣ ያን ሊጥ አስቀምጠው፤
ቢጫና ሰማያዊው አረንጓዴ እስኪሆን ማሸትህን ተወው።
ዛሬ የሚቦካው ሌላ ነው፤ ቁጥር ነው፤
እርሳሱ እኔ ጋር ነው።

ኖቲንግሃም ይዘንባል። የጋራዡ ጣሪያ
ጠብ፣ ጠብ ይላል ባልዲው ውስጥ፣ የቀኑ መቁጠሪያ።
ከመደርደሪያው ላይ፣ ከቀለም ብልቃጦች መሀል፣
ክንፉ የተሰበረ ዘንዶ ቁልቁል ያየናል።
እንዳትሸፍነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እሱ ነው የበላን፤
"በነጻ!" ብለህ የጨመርከው፣ ጭብጨባው ሲያሞቀን።
ማንም አልጠየቀህ፤ መዋጮው ሞልቶ ነበር፤
ሳይቸግር ጤፍ ብድር።
ክብደቱ ተረሳ፤ የሣጥኑ ወርድ፣
ባሕር ሲሻገር የመርከቡ፣ የቀረጡ ፍርድ።
ስድስት መቶ ሰው ከፈለ፤ ስድስት መቶ ሰው ጠበቀ፤
ቫንህ ተሸጠች፤ የእኔም ቁጠባ አለቀ።
አንዳንዱ ተሳደበ። አንዳንዱ ዝም አለ፤
ያ ዝም ያለው ነው በሆድህ እስካሁን የተተከለ።

አሁን ስማኝ። ዐሥራ ሁለት ብቻ።
ዐሥራ ሦስተኛ የለም፣ በልመናም በዛቻ።
ባላባት አይደሉም፤ ጋሻ ጃግሬም የላቸው፤
ከተማ ሲተኛ ነው የሚጀምር ሥራቸው፦
አዋላጇ፣ ፋኖሷን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ፤
ጀልባ ቀዛፊው፣ እንቅልፉን በትከሻው ተሸክሞ እስኪነጋ፤
ዳቦ ጋጋሪው፣ ዱቄት እስከ ቅንድቡ፤
መቃብር ቆፋሪው፣ አካፋ ተደግፎ፣ የጠፋው ቀልቡ።
ቁመታቸው ቢለካ ካንተ አውራ ጣት አይበልጥ፤
ፊታቸው ግን የጎረቤት ፊት ነው፤ ያስደነግጥ።

ቀድመው ይቀረጹ። ሁሉም። ሳይከፈት በሩ።
በሥዕል ተስፋ አንሸጥም፤ በቆርቆሮ ይፈሰሱ፣ ይቀቡ፣ በእጅ ይዙሩ።
ወይዘሮ ኦልድክሮፍት የጎማውን ቅርጽ ታሽከርክር፤
የአንዱ ቁርጭምጭሚት ቢጎድል፣ አሁን ይታይ፣ አሁን ይመከር።
ፎቶው በቀን ብርሃን ይነሣ፤ አጠገቡ ሳንቲም ይቀመጥ፤
ሰው ልኩን አይቶ ይምረጥ።

የቅዳሜ ጨዋታ ክበብ ሂድ፤ ጠረጴዛ ከከበቡት ጋር ተቀመጥ፣ አጫውታቸው፤
ተሸነፍላቸው።
ባዶ አዳራሽ ድግስ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ቀን
የሚሞላው ከወራት በፊት ባወቁን፣ ባወቅን።

ወጪውን ጻፍኩት፤ ቆርቆሮው ይሄ፣ ጎማው ይሄ፣
ሣጥኑ ይሄ፣ (ትስቃለህ) ማሸጊያ ፕላስተሩ ይሄ፤
ከመቶው አምስት ለመዋጮ ሰብሳቢው፣ ለባንኩም ድርሻ፤
ከመቶው ዐሥራ አምስት ላላሰብነው ጣጣ፣ ለክፉ ቀን መሸሻ።
ፖስታው ለብቻው ይከፈል፤ ሣጥኑ ተመዝኖ፣ በየአገሩ፤
ያቃጠለን እሱ አይደል፣ የመርከቡ ዋጋና ግብሩ?
"ያንተስ ደመወዝ?" አልኩህ። ዝም አልክ። መስኮቱን አየህ።
ክላይቭ፣ እሱም ይጻፋል፤ በአየር አትኖርም፤ ሰው ነህ።

ማክሰኞ ጠዋት ከፈትነው።
እስከ እኩለ ቀን ዐሥራ አንድ ሰው።
ሻዩ ቀዘቀዘ። ብድግ አልክ፤ እጅህ ሊጡን ዳሰሰ፤
"ዘንዶ እንጨምርላቸው?" ብሎ ያው ልማድህ ተመለሰ።
አይሆንም አልኩህ። ባልዲው ሞልቶ ነበር፤ ደፍቼው ተመለስኩ፤
ወደ ማምሻው አንድ ስም መጣ፤ ሳነበው ደነገጥኩ፦
ሞይራ ፔንደር፣ ከሆባርት።
ዘንዶዋ ዓመት ከሰባት ወር ዘግይቶ የደረሰላት፣
ክንፉ ለሁለት ተሰብሮ።
ሣጥኑን መልሳ ልካው ነበር፣ አንድ ቃል ሳይኖር አብሮ።

እዚያ ገና ሊነጋ ነው። ዐሥራ ሁለቱንም ወሰደች።
ከሥሩም አንድ መስመር፦
"ዘንዶ አትጨምሩ" ብላ ጻፈች።

ሳቅህ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ፊትህን አዞርክ።
ዘንዶውን አወረድከው፤ ሊጥ ቆንጥረህ ክንፉን ማያያዝ ጀመርክ።
ሃያ ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ግባችን ገና ሩቅ ነው፤
ጣሪያው ያው ነው።

አልተቆጣሁህም። ሲደርቅ ከእጅህ ተቀበልኩት፤
ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት።
አንድ መቶ ዐሥር ግራም።
ጻፍኩት።