አራት ሰከንድ

ኦግኜን ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በብብቱ አቅፎ፣
በሬን በትከሻው ገፋ፣ ዝናቡን ከጫማው አራግፎ።
«አልቆይ አለኝ» አለ፤ «ድምፁ ይሞትብኛል፤
ገና ሳልጠግበው፣ ከጣቴ ሥር ይከዳኛል።»

አንዷን ክር መታ። በሰዓቴ ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከዚያ ጭጭ፤ ደጃፍ ላይ ንፋስ እንዳገኛት የኩራዝ መብራት።
«ፔዳል ስጠኝ» ይላል፤ ዓይኑ መደርደሪያዬን ይልሳል፤
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ቆርቆሮ እንደ ከረሜላ ተደርድሯል።

«ቆይ» አልኩት። እኔ ድሮውንም ችኩል ሰው አልወድም፤
ኒሻቫ ወንዝ እንኳ በድልድያችን ሥር ሮጦ አያልፍም።

ክሮቹን ፈታሁ። ስስ ናቸው፣ የሸረሪት ድር፤
በወፍራም ቀየርኳቸው፤ ጣቱ ቢቆስልም ይማር።
አንገቱን ከገላው የምታስር ብሎን ላልታ ነበር፤
ግማሽ ዙር አጠበቅኋት፣ እንጨት ከእንጨት እንዲመካከር።

ቀጥሎ ማግኔቱ። ከክሯ ሥር ተለጥፎ፣
«የኔ ነሽ» እያለ ይስባታል፣ ትንፋሿን አፍኖ፣ አቅፎ።
ክር እንድትዘምር መወዛወዝ አለባት፤
ፍቅርም ቢሆን ሲቀርብ ያንቃል፣ አልኩና ዝቅ አደረግኩላት፣
ሁለት ሚሊሜትር።
ኦግኜን ፊቱ ቀላ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤
ባለፈው በጋ አብራው ትመጣ የነበረችው ልጅ ዛሬ የለችም።

ሰባት ሰከንድ።
«ጥሩ ነው» አለ፣ ጥሩ እንዳልሆነ በሚያሳብቅ ድምፅ።

ያኔ ዶብሪላ ገባች፣ ከላይኛው ፎቅ፣ በነጠላ ጫማ፣
የጋዜጣ ጥቅል በእጇ፣ ጆሮዋ እምብዛም የማይሰማ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከብርጭቆ አየር መምጠጥ ነበር እንጀራዋ፤
ሌላው ሲሞላ ይውላል፣ ባዶ ማድረግ ነበር ሥራዋ።
«ባዶ» ትላለች፣ «ባዶ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ልጄ፤
ጥቂት አየር ከቀረ ክሩ ይቃጠላል፤ ስንቱን ጥያለሁ በእጄ።»

ጥቅሉን ፈታች። አራት ቫልቮች፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ የታሸጉ፣
አገሩ ስሙን ሲለዋውጥ መሳቢያ ውስጥ ያደጉ።
አሮጌዎቹን ነቅዬ ሰካኋቸው።
ማጉያው ቀስ እያለ ሞቀ፤ በጀርባው ፍም ታየ፤
የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ሁላችንም አፉ እንደተያዘ ሰው ቆየን፣ ዝምታው ቆየ።

«ጨምረው» አለች። ጨመርኩ። ቫልቭ ሲበዛበት ሽማግሌ ነው፤
የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ቀና የሚያደርገው።
አሥራ አንድ ሰከንድ።
ልጁ ሳቀ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፤
ትከሻውን ይዛ ፊቱን ወደ ስፒከሩ አዞረች።
«የሚያናግርህን በጀርባህ ትሰማለህ? ቁም ከፊቱ!»
ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ኋላ…
ከማሞቂያው ጎን ተገኘች ስፍራይቱ።

ክሩ የስፒከሩን ትንፋሽ ከአየር ላይ ተቀበለ፤
ስፒከሩ ከክሩ ሰማ፣ ያንኑ ደግሞ አለ።
ሰዓቴን አየሁ፦ ሃያ፣ ሠላሳ… ከዚያ መቁጠር ተውኩ፤
መስኮቱ ሲያንጎራጉር፣ ማንኪያዬ ሲንጫጫ ታዘብኩ።

ዶብሪላ መዳፏን በሣጥኑ እንጨት ላይ ጣለች፤
ጆሮዋ የነፈጋትን በክንዷ ሽቅብ አዳመጠች።
አላለቀሰችም። እንዲህ ብቻ አለች፦
«ሦስተኛዋ የኔ ናት፤ ጫፏ ላይ ጠመም ያለች።»

ከታች ዳቦ ጋጋሪው ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ፤
ቀን የሚተኛ ሰው ነው፤ ስድቡን በደረጃው ደራረበ።
ኦግኜን ግን ጣቱን ማንሣት ፈራ። አሁን ጭንቁ ሌላ ነው፤
አልሞት ያለውን ድምፅ፣ መግደሉን ማን አስተማረው?

ማብሪያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።
ቫልቮቹ ቀይ ሆነው ቆዩ፣ ከዚያ ጠየሙ፣ ከዚያ ጠፉ፤
እኔ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። አራት።

የክሮቹን ሒሳብ ከፈለ። ለቫልቮቹ ዶብሪላ አልተቀበለችም፤
ጋዜጣዋን አጣጥፋ ወጣች፣ «ደህና እደሩ» እንኳ አላለችም።
ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰመረችው መስቀለኛ ምልክት አለ፤
ደንበኛ ይዘለዋል።
እኔም ስወለውል እዞረዋለሁ።