ሁለቴ ስምንት

ቴፕሊትሴ፣ ጥቅምት አጋማሽ፣ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት፣
ምድጃው ያጉረመርማል፣ አሸዋ ጠጥቶ እንደ ወተት።
እኔ የጠርሙስ ፋብሪካው ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ሥራዬ መመዝገብ፣
ያ ሆዳም በየሰዓቱ ስንት ጋዝ እንደ በላ ማሰብ።

ዘጠኝ ሊሞላ ሲል ቭላስቲሚል መሰላል ወጣ፣
የግድግዳውን ሰዓት ጆሮ ይዞ ወደ ኋላ ሊያመጣ።
ጎተተው። ስምንት ተባለ።
አሁን የሸኘነው ሰዓት፣ ባርኔጣ እንደ ረሳ እንግዳ፣
ተመልሶ ገባ፣ «ይቅርታ» እያለ።

(እነሱ ሁለት ይሉታል፤ በእኔ አፍ ስምንት ነው ሰዓቱ፣
ከፀሐይ መግቢያ የሚቆጠር፣ እንደ ለመድኩት ከጥንቱ።)

መዝገቤን ገልጬ ብዕሬን አነሣሁ፤
ከስምንት በታች ስምንት ጻፍኩ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ረሳሁ።
ምድጃው ግን ምን ገዶት! አዋጅ አያውቅ፣ መሰላል አያውቅ፣
ሺህ አምስት መቶ ዲግሪውን ታቅፎ፣ ከበረደ ሊሰነጠቅ፤
ሰዓቱ ሁለቴ ስምንት ሲል እሱም ሁለቴ በላ፣
ቆጣሪውም አልተታለለ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ቁጥሩን ሞላ።

ሰኞ ቢሮ ወረድኩ። ዝደንካ፣ የሂሳብ ሹም፣
ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፤ «ቁጠባው የታል?» ስላት አልሳቀችም።
«ድሮ አምፖል ነበር በላተኛው፤ ፀሐይ ስትቆይ ይተኛል፣
ዛሬ ምሽት ያዳንሽውን ጠዋት ማሞቂያው ይበላዋል።
ከቀኝ ኪስ አውጥቶ በግራ እንደ መክተት ነው፤
መንገድ ላይ የወደቀችዋን ሳንቲም ነው ትርፍ የምንለው።»

ከዚያ የደሞዙን ወረቀት ገፋችልኝ፦ ቭላስቲሚል፣ ስምንት ሰዓት።
«ዘጠኝ ነው የሠራው» አልኳት።
«ኮምፒዩተሩ አንድን ሰዓት ሁለቴ አያውቅም፤ አንዷን ጣላት።»
የጋዙ ዘጠኝ ተከፈለ፤ የሰውየው ስምንት።

«ሰዓት እላፊ» ልጅ ሳለሁ ወታደር ነበር ትርጉሙ፤
እዚህ ግን ሰዓት ነው ያለፈው፣ ሰው ቆሞ ከነድካሙ።

ጳጉሜ ትዝ አለችኝ፤ ሠርተው ደሞዝ የማያዩባት፣
የዓመት ጅራት።
ለቭላስቲሚል በሰባራ ቼክኛዬ አስረዳሁት፤
«እናንተስ ቀን ነው የምትመርቁ፣ እኛ ሰዓት!»
ሳቀ፤ የምድጃው ቀይ ጥርሱ ላይ በራበት።

ሥራ አስኪያጁ፦ «በመጋቢት ሰባት ሠርታችሁ የስምንት ወስዳችኋል፣ ተቻቻለ።»
«በመጋቢት ተራዬ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ነው» አለ።
እውነቱን ነው። የመጋቢቱን ዕዳ ራድካ ናት የከፈለችው፣
ሰኞ ማለዳ፣ ጨለማው ሳይለቅ፣ ፎርክሊፍቱን በሕልሟ የነዳችው፤
ሦስት ሺህ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ወለሉ ላይ አፈሰሰችው።
ለዚያ ዓምድ የለኝም።
የእንቅልፍ ኪሎዋት በእኔ ቆጣሪ አይነበብም።

ቭላስቲሚል አልተሟገተም። ከሦስተኛው ምድጃ ጀርባ፣ ጡቡ ላይ፣
አሥራ ዘጠኝ የጠመኔ ጭረት አለው፤ ለካ ጥቅምት በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ
አንዳንድ ይጭራል፤ ማንም ሳያይ።

ጡረታ ሲወጣ ተሰብስበን አጨበጨብን፤
ስጦታው ተፈታ፣ ወረቀቱን ቀደድን፤
የግድግዳ ሰዓት! በሬዲዮ ሞገድ ራሱን የሚያስተካክል፣
መሰላል የማይፈልግ፣ ከሰው እጅ የሚገላገል።
«አመሰግናለሁ» አለ፤ በብብቱ ያዘው፣ እንደ ዳቦ፤
ወጣ፣ በረዷማው መንገድ ላይ፣ አንገቱን በኮቱ ከብቦ።

ዘንድሮ ያቺ ሌሊት ስትደርስ ስልኬ ጮኸ።
«ነቅቼ ጠበቅሁት» አለኝ፤ «ብቻውን ዞረ።
ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ዞሮ ዞሮ፣ ስምንት ላይ ሲደርስ አደረ።»
«አንተስ?» አልኩት።
«እኔማ ቁጭ ብዬ አየሁት።»

ስልኩ ተዘጋ። ምድጃው ያጉረመርማል።
አዲሱ ልጅ፣ ቦሁሚር፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋል።
መዝገቤን ገለጥኩ፤ ስምንት አልኩ፤ ደግሞ ስምንት ደገምኩበት፣
ከሁለተኛው ጎን፣ ማንም በማያነበው ፊደል፣
በትንሹ፣ ስሙን ጻፍኩበት።