ኮድ ዘጠና ዘጠኝ

ማሪንያ ግራንዴ፣ ፖርቱጋል፣ ከጥዱ ጫካ ዳር፣
ጉም ከውቅያኖስ ተነሥቶ በፋብሪካው ጣሪያ ሲያድር፣
አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካርዴን በሩ ላይ አስነካለሁ፤
ጠቅ ትላለች ሳጥኗ። ከዚያች ጠቅታ ወዲህ በደቂቃ እቆጠራለሁ።

ሥራዬ መመዝገብ ነው፤ ብረት አልቆርጥም እኔ፣
ፍንጣሪ አይገባም በዓይኔ፤
ማን መቼ ጀመረ፣ ማን መቼ ፈጸመ፣
የትኛው ማሽን ሠራ፣ የትኛው ማሽን ቆመ፣
ለምንስ ቆመ? ለዚህ ጥያቄ ነው ሰንጠረዥ የታተመ፦

ኮድ አሥር፦ ቢላ መለወጥ። አሥራ አንድ፦ ብረት አልደረሰም።
አሥራ ሁለት፦ መብራት ጠፋ። አሥራ ሦስት፦ ጥገና አልጨረሰም።
ዘጠና ዘጠኝ፦ ሌላ።
ከ«ሌላ» በታች ባዶ መስመር የለም፤
ሌላው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅ፣ ማንም አይመልስም።

አዴሪቶ ፍሬዛዋ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል።
(ሰው ሲቆም ሥራ ነው፤ ማሽን ሲቆም ግን ጥፋት ይባላል።)
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የእሱ ጆሮ ግን ለብረት ዘመድ ነው፣ የሥጋ ያህሉ።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣
እጁን ሰደደና አቆማት። ጭስ የለ፣ ፍንጣሪ አይታይ።
ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከሽፋኗ አስጠጋ፣
ሐኪም የሕፃን ደረት ላይ እንደሚያደርገው፣ ትንፋሽ ፍለጋ።
አራት ደቂቃ።
ወደ እኔ መጥቶ «ኩሽኔታው» አለ፣ «ከውስጥ ያቃስታል፤
ገና ሰው አይሰማውም። ለሰው ሲሰማ ግን ረፍዷል።»
ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድኩት።
ማቃሰት የሚል የለም። ዘጠና ዘጠኝን ተጫንኩት።

ረቡዕ ደገመ፦ አራት ደቂቃ። ሐሙስ፦ አምስት።
ሐሙስ እኔም ወርጄ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
እውነቱን ልናገር? የራሴን ደም ብቻ ሰማሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሪፖርቱ ከፎቅ ወረደ፣ በቀለም ደምቆ፣
የአዴሪቶ መስመር ቀይ ሆኖ፣ ከሌሎቹ ታውቆ፦
አሥራ ሦስት ደቂቃ፣ ያለ ምክንያት የባከነ።
ካፖው ቫልዴማር (ክፉ ሰው አይደለም)፣ ድምፁ እንደ ወትሮው የተከደነ፣
«ከደመወዝህ አይቆረጥም» አለው፤ «ግን አስብበት።»
ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፣ ቱታው ኪስ ከተተው፣ ቃል ሳይወጣው ካንደበት።
ከዚያ ቀን ወዲያ ፍሬዛዋን ላንድ አፍታም አላቆመም፤
ሲሠራ ግን አንገቱ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። አየሁ፤ አልመዘገብኩም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ድምፁ ለሁሉም ጆሮ ደረሰ፤
ዘንጉ ተጣመመ፤ የሰባት ሳምንት ልፋት፣ ለጀርመን የሚላክ ቅርጽ፣ ፈረሰ።
ማንም አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤
መጀመሪያ ያየሁት ግን ሰዓቱን ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ስድስት ቀን ከአራት ሰዓት ቆመች። ለዚህስ ኮድ አለ።
አሥራ አራት፦ ብልሽት። ስክሪኑ ሳይጠይቅ ተቀበለ።

«ምልክት አልነበረም ወይ?» አሉኝ ከሊዝበን የመጡት፣ እየጻፉ።
ሦስቱን ዘጠና ዘጠኞች አወጣሁ፤ እነሆ፣ አልጠፉ፦
አራት፣ አራት፣ አምስት። «ሌላ ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ።
በአሥራ አንድ ዓመቴ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፣ ይህን የጠየቁኝ።

አሁን አዲስ ኮድ አለን። አሥራ አምስት፦ ድምፅ።
ከጎኑም ለአንድ ቃል የምትበቃ ባዶ ቦታ።
ትናንት አዲሱ ልጅ ኢዩሪ ማሽኑን አቁሞ ጎነበሰ፤
አዴሪቶ ከኋላው ቆሞ፣ አፉን ሳይከፍት ታገሠ።
«ምን ሰማህ?»
«ምንም» አለ ልጁ፣ አፍሮ።
«ጥሩ። ምንም ማለት እንዲህ ነው ድምፁ። ያዘው ከዛሬ ጀምሮ።»

ሁለት ደቂቃ ከግማሽ። ኮድ አሥራ አምስት። በባዶዋ ቦታ፦ «ምንም»።
እስካሁን ከፎቅ የጠየቀኝ የለም።