ሰባ ሁለት ሰዓት

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማዶ፣ ባጃጅ ከሚሰለፍበት፣
የሌሊት ተረኛ ነኝ እኔ፣ ፍርግርግ ባለው መስኮት።
እስከ ሦስት ሰዓት ሳል ነው፣ ጨጓራ፣ የሕፃን ትኩሳት ነው፤
ከሦስት ሰዓት ወዲህ ግን የሚጠየቀው ስም የለው።

«ያንን» ይላል አንዱ ጎረምሳ፣ በአገጩ ወደ መደርደሪያው ጠቁሞ።
«የቱን?» ስለው፣ «ለወንድሜ ነው»፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ተጠራቅሞ።
ወንድምየው ሁሌ ቸኳይ፣ ወንድምየው ሁሌ የለም፤
እስካሁን በዚህ መስኮት ለራሱ የገዛ አላየሁም።
ሌላው ከኋላው ሰው ከመጣ ማስቲካ ገዝቶ ይሄዳል፤
ማስቲካ ከምን እንደሚያድን እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

ጸጋነሽ ግን ስም ነበራት፣
ከደረቷ ባጁን መንቀል ጥድፊያዋ አስረስቷት።
ከቦዲቲ ነው የመጣችው። የሸሚዝ አንገትጌ ትሰፋለች፤
በፈረቃ ስንት አንገት እንዳለፈ ሳትጽፍ ትቆጥራለች።
አራት ሆነው አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ ለሁለት፤
አከራይዋ በሦስት ሰዓት በር ትቆልፋለች፣ «ጨዋ ቤት ነው» በሚል ምክንያት።
ፈረቃው የሚለቀው በአራት ነው።

በሦስትና በአራት መሃል ያለችዋን ያቺን ሰዓት
ማንም አልጻፋትም በውል፣ ማንም አልከፈለባት።
ሌላ ቀን ብርቄ በጓሮ ቀስ ብላ ትከፍትላታለች፤
ያን ቅዳሜ ግን ብርቄ ለለቅሶ አገር ቤት ሄዳለች።
መንገዱ መብራት የለውም። ላንቃሞ ባጃጅ አለው።
«ሂሳቡ ይቆይ» ይላታል።
የቆየ ሂሳብ ይወልዳል።

ክፉ ነው ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ።
ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ የተማረ
ከስልክ ነው፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፤
አባቱ ስለ ቡና ችግኝ እንጂ ስለዚህ አልተናገረ።

እሷስ? ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታቸው ትመጣ ነበር፣
ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት ከእናቷ ጋር ልትመክር፤
ጆሮዋን ጣል ስታደርግ «አንቺ ውጪ፣ ስታገቢ ትደርሺበታለሽ» ተባለች።
የባዮሎጂ መምህሩም ያቺን ምዕራፍ «ቤታችሁ አንብቡ» ብሎ ዘለላት።
ቤታቸው ደግሞ ማታ መብራት አልነበረም።

«መቼ ነበር?» አልኳት።
«ቅዳሜ። አራት ሰዓት ላይ።»
ዛሬ ረቡዕ ነው። አምስት ሰዓት።
በጣቴ መቁጠር ስጀምር
«ዘጠና ሰባት» አለችኝ፣ ቁጥር የማይጠፋት ልጅ።
«ሰባ ሁለት መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ከጎኔ ካለችው ማሽን።»
«ምነው ሰኞ ብትመጪ?»
«መጥቼ ነበር።»

መጥታ ነበር።
ከኋላዋ የመዘምራኑ መሪ ቆሞ፣ የጉሮሮ ከረሜላ ሊገዛ።
ፓራሲታሞል አለችኝ። በኪኒን ፖስታ አድርጌ ሰጠኋት፤
«ጠዋት 1፣ ማታ 1» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩላት።
ቆማ ቀረች።
እኔም ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«ሌላስ?» አልኳት።
«ሌላ የለም።»
ያኔ አርባ ስምንት ሰዓት ነበር።

ለጤና ጣቢያው ጻፍኩላት፣ በጠዋት ሄዳ እንድትመረመር፣
ለጽንሱም፣ ለቫይረሱም።
«ነገ በጠዋት ኦቨርታይም አለ» አለችኝ።
ባጁን ነቅላ ኪሷ ከተተች።
ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ማስታወቂያ ልለጥፍ ስል ባለቤቱ ከለከለኝ፤
«ቤተሰብ የሚገባበት ቤት ነው» አለኝ።
እንግዲህ በየፖስታው ላይ፣ ከ«ጠዋት 1፣ ማታ 1» ሥር፣
ሳል ነው፣ ጨጓራ ነው ሳልል፣ በጥቃቅን ፊደል እጽፋለሁ፦
ሰባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነይ። አንተም ና።
ስም አልጠይቅም።
«ሌላስ» አልልም።

ትናንት አንዲት እናት የሳል ፖስታዋን ይዛ ተመለሰች፤
«ይሄ ደግሞ የምን አወሳሰድ ነው?»
አፌ ላይ መጣ፣ ተመለሰ።
«ልጅ አለሽ?» አልኳት።
ዝም ብላ አየችኝ። ፖስታውን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣
መቀነቷ ላይ ቋጠረችው፣
ሳንቲም በሚቋጠርበት በኩል።